ሴቷ ሽቦ አትነዝርም

«ጠፍቷል ብያለሁ እኮ፣ ሐጂ!» አለና አባይነህ እጁን ጣራው ላይ ወዳለው አምፑል ሰደደ።

ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት ነው። ኮረንቲው ክንዱን ይዞ አንዴ አርገፈገፈውና ከመሰላሉ አናት ወረወረው። የአቡጀዲ ጣቃ ክምር ላይ ባያርፍ ኖሮ ወገቡ ለሁለት ነበር። ጉጠቱ ከእጁ ተስፈንጥሮ የአዲሱን መስኮት መስተዋት ሰነጠቀ።

ወርቅአፈራሁ ከማዶ ሌላ መሰላል ላይ ሆና ግድግዳ ትለስን ነበር። መለሰኛዋን ጥላ ወረደች። ጭንቅላቱን ቀና አድርጋ ዓይኑን ገልጣ አየችው። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ጠቁሯል። አፉ ግን ደኅና ነው፤ የአምፑሉንም የመሰላሉንም እናት ይሰድባል።

«ተነስ፣ አልሞትክም» አለችው። «የሞተ ሰው እንዲህ አይሳደብም።»

ሐጂ ረሻድ ከባንኮኒያቸው ኋላ ወጡ። የሱቁ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ የከበሩ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ካለው መንገድ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ሱቅ አሠርተው ገና ያልከፈቱ። ጊዜው የአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ነው። ለንጉሡ የዘውድ በዓል የባሕር ማዶ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከተማው ይጠረጋል፣ አጥሩ ይቀባል፤ አራዳ ውስጥ ሱቅ ያለው ሁሉ ፋኖሱን አውርዶ ኤሌክትሪክ ያስገባል። ሐጂ ሃያ አራት አምፑልና ስድስት ማጥፊያ አዘዋል። ሱቁ የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ነው።

«ጠፍቷል አላልክም ወይ?» አሉ፤ ዓይናቸው አባይነህ ላይ ሳይሆን የተሰነጠቀው መስተዋት ላይ ነው።

«ጠፍቷል እኮ! ይኸው ይዩት፣ ጨልሟል!»

እውነቱን ነው። የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ መዝጊያዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ጣራው ላይ አንድም አምፑል አይበራም። ማጥፊያው ወደ ታች ወርዷል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ኮረንቲ ሰው ያዘ። ሐጂ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ከመሰላሉ ራቅ አሉ።

ወርቅአፈራሁ ግን ነገሩ የገባት ገና ሲጮኽ ነው።

ከሙሴ ሚናስ ጋር መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። ሙሴ ሚናስ አርመን ነው፣ ሙሴ የፈረንጅ አቶ ማለት ነው፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ኤሌክትሪክ ያስገባል። ሐር የለበሱ ሁለት ሽቦዎች በነጫጭ የሸክላ እንቡጦች ላይ እየታሰሩ ጣራ ጣራውን ይሄዳሉ፣ ማጥፊያው ጋ ሲደርሱ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ይወርዳሉ። ግድግዳውን መፈልፈል፣ ሽቦው ከገባ በኋላ ቀዳዳውን በኖራ መድፈን የወርቅአፈራሁ ነው። የተቀጠረችው በለሳኝነት ነው። ለሳኝ ደግሞ እንደ ቤት ድመት ነው፤ መኖሩን ሰው ይረሳዋል። ወንዶቹ ሲማሩ እሷም ሰማች። ማንበብ አትችልም። አባይነህም አይችልም። ኮረንቲ ፊደል ቆጥረሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ሙሴ ሚናስ አማርኛ ያውቃል፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። አባይነህን «አንቺ» ይለዋል፣ ወርቅአፈራሁን «አንተ» ይላታል፣ በቅሎውን ደግሞ «እርስዎ»። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለሁለቱ ሽቦዎች ወንድና ሴት ብሎ ስም ያወጣላቸው። ኮረንቲ ይዞ የሚመጣው ወንድ ነው፤ አምፑሉን አብርቶ ባዶውን የሚመለሰው ሴት።

«ወንዷ ትገድላለች!» ይል ነበር ጣቱን ቀስሮ። «ሴቱ አይነዝርም! ማጥፊያ ሁልጊዜ ወንዷ ላይ ነች!»

ሰው ይስቃል እንጂ ትምህርቱ ቀጥተኛ ነው። ማጥፊያው ወንዱን ሽቦ ከቆረጠ ኮረንቲው ማጥፊያው ጋ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብትልሰውም ምንም አይልህም። ማጥፊያው ሴቷን ከቆረጠ ግን አምፑሉ ይጠፋል፣ ኮረንቲው ጣራው ላይ ቁጭ ብሎ እጅ ይጠብቃል።

አባይነህን ባለፈው ጥቅምት አንድ የግሪክ ዳቦ ቤት ውስጥ ወንዱ ሽቦ አንዴ ነክሶታል። ከዚያ ወዲህ ይፈራል። መፍራቱ አያስነውርም፤ ያስነወረው ፍርሃቱን መደበቁ ነው። ሐጂ ረሻድ ጓሮ ያስቀመጧቸው ልብስ ሰፊዎች በመብራት ስለሚሠሩ ዋናው ማጥፊያ እንዲዘጋ አልፈቀዱም፤ ኮረንቲው እያለ ነው ሥራው የሚሠራው። ስለዚህ አባይነህ ስድስቱ ማጥፊያዎች ጋ ሲደርስ የማትነክሰውን መረጠ። ሴቷን እየቆረጠ አስገባ።

ወርቅአፈራሁ ገና የመጀመሪያው ላይ ነግራዋለች። «አባይነህ፣ ይቺ እኮ ሴቷ ናት።»

«አንቺ ጭቃሽን ምረጊ» ነበር መልሱ። «መብራቱ ጠፋ አይደል? ከጠፋ ጠፋ ነው።»

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። እሷ አርባ አልፏታል። እትዬ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላለም። እሷም አፏን ዘግታ ደፈነችው። ያኔ ዝም ማለቷ አሁን ጥቁሩን ጣቱን ስታይ አንገበገባት።

ሙሴ ሚናስ ከጎረቤት ሱቅ እያለከለከ ደረሰ። ባርኔጣው በእጁ ነው።

«አንቺ አባይነህ! ሞትሽ?»

«አልሞትኩም፣ ሙሴ።»

«ማጥፊያ የቷ ላይ ቆረጥሽ?»

አባይነህ መሬት መሬት አየ። «ወንዱ ላይ። በእናቴ፣ ወንዱ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምን ያዘሽ?»

አባይነህ በደኅናው እጁ ወርቅአፈራሁን አመለከተ። «የሷ ልስን ነው። እርጥብ ኖራ ኮረንቲ ይጠጣል፣ እርስዎ ራስዎ ነግረውናል። ግድግዳውን አርሳው፣ ኮረንቲው በግድግዳው ሄዶ ነው የያዘኝ።»

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ያሳምናል። ሐጂ ረሻድ ግድግዳውን በጥርጣሬ አዩት፣ ከዚያ እሷን። «ሙሴ፣ እኔ ከነገ ወዲያ እንግዳ አለብኝ። ግድግዳዬ ሰው የሚገድል ከሆነ ይቺን ሴትዮ ያስወጡልኝ። ሌላ ለሳኝ ይምጣ።»

ሙሴ ሚናስ ራሱን አከከ። ጥሩ ሰው ነው፤ ሐጂን ግን ይፈራል፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሐጂ ጋር የማይዛመድ ወይም የማይገበያይ ባለሱቅ የለም። «ወርቅአፈራሁ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንተ ዛሬ ቤት ሂድ። ነገ እናያለን።»

ነገ እናያለን የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ አራዳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ነገ ማንም አያይም። ኮረንቲ የምታስጠጣዋ ለሳኝ የሚል ስም ከወጣላት የትኛውም ባለሱቅ ደጁን አያስረግጣትም። አፍንጮ በር ባለች አንዲት ክፍል ቤቷ ልጇ የሺ አለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱን ያበላቸው ይህ ኖራ ነው፤ ኖራው ደግሞ እጇን በልቶ ጨርሷል፣ ጉልበቷም ለጭቃ ብዙ ዓመት የቀረው አይደለም። ሁለት ዓመት ጆሮዋን አቁማ የሰማችው ለወሬ አልነበረም። አንድ ቀን መለሰኛውን አስቀምጣ ጉጠቱን እንድታነሣ ነው። አሁን ከሁለቱም ሊያባርሯት ነው።

«አልሄድም» አለች።

ሦስቱም ዞሩ።

«አልሄድም። ያ አምፑል የተሰቀለበት ወራጅ እንጨት ነው፤ ኖራ ነክቶት አያውቅም። ይህኛው ግድግዳ ደግሞ የተለሰነው ባለፈው ማክሰኞ ነው፣ እንደ አጥንት ደርቋል። ሐጂ፣ እጅዎን ያሳርፉበትና ይዩት።»

ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። «እኔ ግድግዳ አልነካም።»

«እንግዲያው አይንኩ። ዓይንዎ ይበቃል።»

የሙሴን መፈተሻ አምፑል ከሳጥኑ አነሣች። ሁለት ጅራት ሽቦ ያላት ተራ አምፑል ናት። ሙሴ ኮረንቲው ወደ መሬት እንዲመለስበት በየሱቁ ጓሮ እርጥብ መሬት ውስጥ የብረት ዘንግ ይቀብራል፤ ከዚያ ዘንግ ተስቦ የመጣውን ረጅም ሽቦ ከአንዱ ጅራት ጋር አጠማዘዘችው። አጠማዘዟ ልክ እንደ ሙሴ ነው፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉን ማጠፍ። ሙሴ አየ።

«ማጥፊያው ጠፍቷል?» አለች።

«ጠፍቷል» አሉ ሐጂ።

«አባይነህ፣ አንተስ? ጠፍቷል?»

አባይነህ የጠቆሩትን ጣቶቹን እፍ አለ።

አባይነህ የወደቀበትን መሰላል ወጣች። ቀሚሷን በመቀነቷ ጠቅልላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በሲባጎ አስራዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምትወጣው። ሁለተኛውን ጅራት በላስቲክ ይዛ ጣራው ላይ ካለው የአምፑል መያዣ ናስ ጋር አነካካችው።

በእጇ ያለችው አምፑል ቦግ አለች።

ሱቁ ጨለማ፣ ሃያ አራቱም አምፑሎች እንደጠፉ፣ አንዲት መብራት ብቻ ከመሰላሉ አናት የወርቅአፈራሁን ፊት አበራች። ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ጓሮ ያሉት ሰፊዎች እንኳን መኪናቸውን አቁመው በበሩ አንገታቸውን አወጡ።

«ጠፍቷል ያላችሁት ይኸውላችሁ» አለች ከላይ ሆና።

ወረደች። ወደ ማጥፊያው ሄደች፣ የራሷን ልስን በመዶሻ ጫፍ ፈነከተችው። ሁለት ሳምንት የለፋችበትን ግድግዳ በሁለት ምት። ከፍርስራሹ መሃል ሁለት ቢጫ ሽቦ ወጣ። በአንደኛው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሙሴ ሚናስ።

«ወንዱ ነው። እርስዎ ሽቦው ከመንገድ ሲገባ በመፈተሻዋ ለይተው «ወንድ» ሲሉ እኔ ከቀሚሴ ጥለት ክር እየመዘዝኩ አስርበታለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያውቀው እግዜርና ለሳኝ ብቻ ነው፤ እግዜር ደግሞ ለሥራ ሲጠሩት አይመጣም። ይዩት፣ ቀዩ አልተነካም፣ እንዳለ አለፈ። የተቆረጠችው ክር የሌላት ናት። ስድስቱም እንዲሁ ናቸው።»

ሙሴ ሚናስ ወደ አባይነህ ዞረ። በአርመንኛ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ማንም አልተረጎመውም፣ ትርጉም ያስፈለገውም የለም።

«ወንዱን ፈራሁት» አለ አባይነህ፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። «ሴቷ አትነዝርም ብዬ…»

«ሴቷ ባትመለስ ወንድህ አንድ አምፑል አያበራም ነበር» አለችው ወርቅአፈራሁ። «አለመንዘሯን አይተህ ናቅካት። እጅህን አሳየኝ አሁን።»

ጣቶቹ አብጠዋል። ጉጠት ቀርቶ ማንኪያ የሚይዝ እጅ አልነበረም።

ሐጂ ረሻድ ከሁሉ በፊት ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ፤ ነጋዴ ናቸው። «እሺ። ማን ያስተካክለዋል? ሙሴ፣ እርስዎ ይሠራሉ?»

«እኔ የፈረንሳዊቷ ሆቴል አለኝ፣ የህንዷ ሱቅ አለኝ…» ሙሴ በጣቱ ቆጠረ። «ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን! እኔ ሁለት ነው ያለኝ!»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ወርቅአፈራሁ። «ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስቱም ያልቃል። የት እንደምፈነክት አውቃለሁ፣ የቱ ወንድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢመጣ መፈተሻዋን ይዞ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሲያስስ ነው የሚከርመው።»

ሐጂ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያልገመተውን ነገር የሰማ ሰው ሳቅ ነው። «ሴት! መሰላል ላይ! ነገ ሰው እቃ ሊያይ ይመጣል። ረሻድ ወንድ አጥቶ ነው ወይ አይሉኝም?»

«ሁለት ሳምንት የት ነበርኩ፣ ሐጂ?»

«ምን?»

«እዚያ ጣራ ሥር ኖራ የለጠፈው ጅኒ ነው? በቀን አሥር ጊዜ በመሰላሌ ሥር አልፈዋል፤ አንድ ቀን እንኳን «ሴት ወጣች» አላሉም። ጭቃ ስይዝ አልታየሁም፣ ጉጠት ስይዝ ነው ሴት የሆንኩት?»

ጓሮ ካሉት ሰፊዎች አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሐጂ ሲያዩት ሳቁን ዋጠው።

ሙሴ ሚናስ በመካከል ገባ፣ እጆቹን ከፍ አድርጎ። «ሐጂ፣ ሐጂ። ነገር ቀላል ነው። እኔ ካፖርት አለኝ፣ ባርኔጣ አለኝ። ካፖርት ይለብሳል፣ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ፊቱን ወደ ጣራ። «ወርቁ» እንለዋለን። ማን ያውቃል? ወርቁ ሠራ፣ ወርቁ ሄደ።»

ሙሴ ሚናስ ዕድሜውን በሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ወንድና ሴት ሳያደባልቅ የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱ። ፊታቸው ተፈታ። «ይህስ ይሆናል። ወርቁ። ይሆናል።»

ሙሴ ካፖርቱን አውልቆ አቀበላት። ከባድ ጥሩ ሱፍ ነው፤ የትምባሆ ሽታ አለው። ወርቅአፈራሁ አንዱን እጅጌ አጠለቀችው። አይዋሽም፣ ተመችቷታል። ይሞቃል፣ ኪሱ ጥልቅ ነው፣ ጉጠትም ክርም ይይዛል። አንዲት ቃል ሳትናገር ነገ ማታ ሥራው ያልቃል። ሐጂ ደስ ይላቸዋል፣ ሙሴም ደስ ይለዋል። ሁለተኛውን እጅጌ ልታጠልቅ ክንዷን ዘረጋች።

ከዚያስ?

ሱቁ ሲበራ ሰው ማን ሠራው ይላል። ወርቁ ይባላል። የሚቀጥለው ባለሱቅ ወርቁን ፈልጉልኝ ይላል። ወርቁ የሚባል ሰው ደግሞ የለም። ወርቅአፈራሁ ኖራዋን አቡክታ፣ ሌላ አባይነህ ሴቷን ሲቆርጥ እያየች፣ ቀዳዳውን ትደፍናለች። ልጇ የሺም አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ስትወጣ የእናቷን ስም ሳይሆን ካፖርት ትዋሳለች።

እጅጌውን አወለቀች። ካፖርቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደችና በተሰነጠቀው መስተዋት ላይ፣ ቁራጩ ረግፎ ነፋስ በሚያስገባው ቀዳዳ ውስጥ፣ ወትፋ ወትፋ ጠቀጠቀችው።

«ካፖርቴ!» አለ ሙሴ።

«ለዚህ ይጠቅማል። እኔ አልበረደኝም።» ወደ ሐጂ ዞረች። «ስሜ ወርቅአፈራሁ ነው። ረጅም ነው፣ ግን አይነዝርም፤ ደፍረው ይጥሩኝ። የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ፣ ጉጠቱን አስቀምጬ እሄዳለሁ። ቀይ ክሮቼን ግን ከስድስቱም ፈትቼ ነው የምሄደው። የእኔ ጥለት ነው።»

ሐጂ ረሻድ ጣራውን አዩ። ሃያ አራቱን አምፑሎች አንድ በአንድ። ጠፍተዋል፤ አሁን ግን መጥፋታቸውን የሚያምን ሰው በሱቁ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወደ ጓሮ ጮኹ፦

«ሰፊዎች! ፋኖስ አብሩ። ዋናውን ዝጉላት።»

ዋናው ማጥፊያ ሲወርድ ሰማች፤ ቀጭ አለ። ራሷ ሄዳ ደግሞ አረጋገጠች፣ መፈተሻዋን ይዛ። የሰውን «ዘግቻለሁ» ዛሬ ጠግባዋለች።

መሰላሉን ከማጥፊያው በላይ ካለው የሸክላ እንቡጥ ሥር አቆመች። እግሯን የመጀመሪያው መርገጫ ላይ አሳርፋ ቆም አለችና ዙሪያውን አየች። ሱቁ ድንግዝግዝ ነው። ውጭ የመንገዱ ሁካታ ይሰማል፤ ከጊዮርጊስ የሚወርደው ሰው፣ የበቅሎ ኮቴ፣ የጋሪ ጎማ።

«ሐጂ፣ እነዚህን መዝጊያዎች ያስከፍቱልኝ።»

«አቧራው? ደግሞ ሰው ያይሻል።»

«ያየኛል።»

ሐጂ ተነፈሱ። ሄደው የመጀመሪያውን መዝጊያ ራሳቸው ከፈቱት፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። የጠዋቱ ፀሐይ ገባና መሰላሉን እስከ አናቱ አለበሰው። ሁለት ሰዎች ደጃፍ ቆሙ፣ ከዚያ አምስት። አንዱ «እንዴ! ሴት ናት እኮ!» አለ ጮክ ብሎ።

«ናት» አለች ወርቅአፈራሁ፣ ሳትዞር፣ መውጣቷን ሳታቆም።

አባይነህ ከጣቃው ተነሥቶ መጣና በደኅናው እጁ መሰላሉን ያዘ። ማንም አልጠየቀውም። ትንሽ ቆየና ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ ወርቄ» አለ፣ «ምን ላቀብልዎ?»

«ቀይ ክር» አለችው። «የቀሚሴ ጥለት አልቋል። ከሐጂ መደርደሪያ ይሁን።»